ጎርጎራ ግንብ አላስተማረችንም፣ ኖራውን ግን አንካድ

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ግሩፕ እየዞረ ነው። እኔ ጋ ብቻ በሦስት ሰው ደርሷል፣ የመጨረሻው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ስልኩን አፍንጫዬ ስር አምጥቶ «አንተ ሄደህ አይተሃት የለም እንዴ፣ እውነት እንዲህ ነው?» አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ቡናው ቀዝቅዟል። ዝም ብል ይሻል ነበር፣ ግን ያው ሃያ ምናምን ዓመት ጅማ ውስጥ ድንጋይ ሳስደረድር የኖርኩ ፎርማን ነኝና ስለ ግንብ የተጣመመ ነገር ሲወራ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ጽሑፉ ስለ ጎርጎራዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለማታውቋት፣ ጎርጎራ ከጎንደር በስተደቡብ ጣና ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ከከተማዋ ራቅ ብሎ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ላይ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፣ ማርያም ግንብ ይሏታል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያሠሯት ናት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉም እንደዛ ስላደረገ እንዳይምታታብን።

የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ከፖርቹጋሎች በፊት ኢትዮጵያዊ በጭቃና በእንጨት እንጂ በድንጋይ መገንባት አያውቅም ነበር፣ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ፖርቹጋላዊ ቄስ በገዛ እጁ ሠርቶ አስተማረን ይላል። የጎንደር ግንቦችም የዛው ሥራ ተከታይ ናቸው፣ የሠሯቸውም ፖርቹጋሎች ናቸው ይላል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ክብ ስለሆነ ረጅም አራት ማዕዘንና ቅስት ያለበት ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ይላል። አፄ ፋሲል በንዴት አስፈረሷት፣ ዛሬ የምናየው ፍርስራሽ የሃይማኖት ጥላቻ ያመጣው ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ደሞ ወደኛ ሰፈር ይመጣና ካቶሊክ ጅማና ከፋ የደረሰው በ1936 ከፋሺስት ጦር ጋር ተጭኖ ነው ብሎ ይዘጋል።

ጽሑፉ ባዶ ነው አልልም። አጻጻፉ ያምራል፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ማማር የጻፉት ልክ ነው፣ ቦታው ተረስቷል ያሉትም እውነት ነው እንዲያውም አሳንሰውታል። ችግሬ ከዛ ተነስተው የደረሱበት ቦታ ላይ ነው።

ከፓኤዝ እንጀምር። ፓኤዝ ፖርቹጋላዊ ሳይሆን ስፔናዊ ነው፣ በ1564 ማድሪድ አጠገብ የተወለደ። ግን ከ1580 እስከ 1640 ሁለቱንም አገር የሚገዛው አንድ ንጉሥ ነበር፣ ሚሲዮኑም የሚተዳደረው በፖርቹጋል በኩል ነው፣ ስለዚህ በዚህ ጸሐፊውን አልይዛቸውም። ሰውየው ራሱ ፊልም የሚወጣው ሰው ነው፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ ታስሯል፣ በ1603 እንደገና ሞክሮ ገባ፣ በ1618 ግሽ ላይ የዓባይን ምንጭ አየ፣ ቋንቋውን ለምዶ ከቤተ መንግሥት ሰው ጋር ተግባብቶ የኖረ ነው። በእጁ ይሠራ እንደነበረም እውነት ነው፣ ለሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ፎቅ ያለው ቤት ሠርቶላቸው ሰዉ «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያይ ይመጣ እንደነበር የሚሲዮኑ ጽሑፎች ያወራሉ። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ።

ግን ፓኤዝ በ1622 ሞቷል! ጎርጎራ የሚባለው ደሞ አንድ ቦታ አይደለም፣ ጀስዊቶቹ ራሳቸው አሮጌው ጎርጎራና አዲሱ ጎርጎራ ብለው ይለዩታል። ፓኤዝ የሠራው ቤተ ክርስቲያን አሮጌው ላይ ነበር። ዛሬ ሰው ሄዶ ፎቶ የሚነሳባት፣ ጽሑፉም ጣሪያዋን የሚያደንቅላት ማርያም ግንብ ያለችው አዲሱ ላይ ነው፣ የተጀመረችውም ሰውየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ አገር ከገባ ወዲህ ነው። በሌላ አነጋገር «በገዛ እጁ ድንጋይ እየጠረበ» የተባለው ሰው ያኔ መቃብር ውስጥ ነው። ይሄ ስህተት የጸሐፊው ብቻ አይደለም፣ አስጎብኚዎችም ይሉታል፣ እኔም ሳልሄድ በፊት እንደዛው ነበር የማውቀው።

አሁን ዋናው። «በድንጋይ መገንባት አያውቅም ነበር።» ይሄን ሳነብ እውነቴን ነው የምላችሁ ሳቄ መጣ። የአክሱም ትልቁ ሐውልት፣ ወድቆ ያለው፣ 33 ሜትር አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ ተጎትቶ የሚወጣበት አምባ ላይ ከሺህ ዓመት በላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ፣ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብቅ እያለ፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው። ላሊበላን መጥራትም አያስፈልግም፣ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ፣ እሱ እውነተኛ ፖርቹጋላዊ ነው፣ በ1520ዎቹ ላሊበላን ካየ በኋላ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ነው የጻፈው። ጎርጎራ ከመሠራቷ መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። አስተማሪ የተባለው ሕዝብ ቄስ ተማሪ በተባለው ሕዝብ ሥራ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ጸሐፊው ያምታቱት መሰለኝ ድንጋይና ኖራን ነው። እዚህ ጋ ግን ግማሽ እውነት አላቸው፣ እሱንም ሳልሰጣቸው ማለፍ ደግ አይሆንም። ከሱስንዮስ ዘመን በፊት ባለው ጊዜ የሰሜኑ ግንበኛ ድንጋዩን የሚያያይዘው ባብዛኛው በጭቃ ነበር፣ ወይ ደሞ ያለ ምንም ማያያዣ አስተካክሎ ይደረድረዋል። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከህንድ የመጣ ባለሙያ የኖራ ድንጋይ አገሩ ውስጥ አገኘ፣ ከዛ ወዲህ ጎንደር አካባቢ ባሉት የሱስንዮስ ቦታዎች፣ ደንቀዝ፣ አዘዞ፣ ጎርጎራ ላይ የተሠራው ሁሉ በኖራ ሆነ። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የግንበኛ ዓይን ያለው ሰው አይንቀውም። የኖራ ድንጋዩን እቶን ውስጥ ታቃጥለዋለህ፣ ነጭ ቀላል ነገር ሆኖ ይወጣል፣ ውሃ ስታፈስበት ይፈላል፣ ያቃጥላል፣ ሲበርድ እንደ ቅቤ ይሆናል፣ ከአሸዋ ጋር ለውሰህ ትገነባበታለህ። እንደ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠነክርም፣ ካየሩ ውስጥ እየሳበ ቀስ እያለ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ዓመታት ይፈጅበታል። (ጎንደር በእንቁላል ነው የተሠራው የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፣ ያን ሁሉ እንቁላል የጣለችው ዶሮ የት ነበረች ብዬ ግን ልጅ ሆኜም እጠይቅ ነበር።)

ኖራን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ተቀጥቼበት ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ የጣሊያን ጊዜ ቤት ልስኑ ተልጦ አድስልን ተባልኩ፣ ግድግዳው ድንጋይ በኖራ ነው፣ እኔ ደሞ ወጣት ነኝ ጥጋብ አለብኝ፣ ሲሚንቶ ይሻላል ብዬ በደንብ አድርጌ በሲሚንቶ ለሰንኩት። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ከሥር የሳበው እርጥበት መውጫ አጣ፣ በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ እየተነሳ ከነቀለሙ ወረደ፣ ከኋላው ያለው አሮጌው ኖራም አብሮ እየረገፈ። ባለቤቷ ምንም አላሉኝም፣ ወንበር አውጥተው ግድግዳውን እያዩ ቁጭ አሉ፣ ከስድብ የባሰ ነበር። ጎርጎራ ስሄድ መጀመሪያ ያደረግኩትም ሌላ ሳይሆን ድንጋዩ መሀል ያለውን ኖራ በጥፍሬ መቧጨር ነው። አልተቧጨረም። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ጣሪያው ወድቆበት፣ ዝናብ እየወረደበት፣ የዋርካ ሥር እየሰነጠቀው ድንጋዩ ሲለቅ እንኳ ኖራውን ይዞት ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ኖራውን አልክድም። ግን ኖራው የመጣው ከየት ነው? ከሊዝበን አይደለም፣ ከህንድ ነው። ጀስዊቶቹ የሚመጡት ፖርቹጋሎች ህንድ ውስጥ ከያዟት ከጎዋ ነው፣ ባለሙያ የሚያስመጡትም ከዛው ነው፣ የጎርጎራዋ ቤተ ክርስቲያን መልክም ጎዋና ዲዩ ላይ ካሉት የዛ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች ጋር ነው የምትዛመደው። በግማሽ በርሜል ቅርጽ የጎበጠው ጣሪያ በአራት ማዕዘን ጉድጓድ ጉድጓድ ተከፋፍሎ በያንዳንዱ ውስጥ አበባ ተቀርጾበታል፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፓ ዓይነት ዓምዶች ጎላ ብለው ወጥተዋል። ንድፉ የአውሮፓ ነው፣ ኖራው በህንድ ሰው በኩል የመጣ ነው፣ እሺ። ድንጋዩን ከመሬት ያወጣው፣ የጠረበው፣ የተሸከመው፣ እዛ ከፍታ ላይ የሰቀለው ማነው? ሚሲዮናውያኑ በጠቅላላው በጣት የሚቆጠሩ ቄሶች ነበሩ፣ አብዛኛው ጊዜያቸው ስብከትና ጉዞ ነው። አንድ ሳይት ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን ጥያቄ አይስተውም። አንድ አርክቴክት ካስር ወረቀት ጋር መጥቶ ይሄዳል፣ ቤቱን የሚሠራው ግን እዛው ጭቃ ውስጥ የሚውለው ሰው ነው።

ወደ ጎንደር ልለፍ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የአፄ ፋሲል ግንብ ነው! እኔ መጀመሪያ ስልኩ የተሳሳተ መስሎኝ ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት። አራት ክብ ማማዎቹ ከነጉልላታቸው ፍንትው ብለው ይታያሉ፣ ከሥሩ «በፖርቹጋሎች የተሠራችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን» ይላል። ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል፣ ግን ይሄኛው ስህተት የጽሑፉን ክርክር ራሱን ነው የያዘው፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት።

እስቲ ዘመኑን ብቻ እንይ። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ወዲያው ጀስዊቶቹን ከግቢ አራቁ፣ ከዛ ካገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ገደማ ነው። እንግዲህ ንጉሡ ያባረሯቸውን፣ ተደብቀው የቀሩትን እየፈለጉ የሚያስገድሏቸውን ሰዎች መልሰው ቤተ መንግሥት ሥሩልኝ አሏቸው ማለት ነው? በ1648 አል ሐይሚ የሚባል የየመን መልእክተኛ ጎንደር መጥቶ ግንቡን አይቶታል፣ ሲጽፍም የሠራው ዋና ባለሙያ ህንዳዊ ነው ብሎ ነው የጻፈው። የዓይን ምስክር ነው፣ ፖርቹጋልን የሚጠላበትም የሚወድበትም ምክንያት የለውም።

ደሞ ፋሲል ብቻ አይደሉማ። ከሳቸው በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ ሠሩ፣ ታላቁ ኢያሱ ሠሩ፣ በ1700ዎቹ ደሞ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ሠሩ። ጀስዊቶቹ ከወጡ መቶ ዓመት አልፎም ግንቡ እየተሠራ ነው! ማነው ታዲያ የሚሠራው? አገሬው ነዋ፣ ከነዚህም ውስጥ ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነትና በአናጢነት ስማቸው የታወቀ ነው፣ ጽሑፉ ግን አንድ ቃል አላነሳቸውም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው አለ፣ ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ የተለመደው የኖራ ሙያ ወደ ጎንደር ተሻግሯል፣ እሱ ግልጽ ነው፣ ሙያ ሃይማኖት የለውም ሠራተኛው ከአንዱ ሳይት ወደ ሌላው ይሄዳል። «ጣና አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ከፓኤዝ በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል የሠሩት ነው» ብለው የሚከራከሩ ወዳጆቼንም ቀስ በሉ እላቸዋለሁ፣ ትውፊቱ እንደዛ ነው ግን ያሁኑ ግንብ በኖራ የተሠራ ስለሆነ ዘመኑን ወደ በኋላ የሚያመጡት ተመራማሪዎች አሉ፣ ስለዚህ እሱን ማስረጃ አድርጌ አልመዝዘውም። ግን ሙያ ተሻገረ ማለትና ባለቤትነቱ የሌላ ነው ማለት ይለያያል። እኛ ሳይት ላይ የምንጠቀምበትን ቃል ስሙ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሲሚንቶ፣ ላሜራ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ታዲያ መርካቶ ጎን አምና ያቆምኩትን ባለ አራት ፎቅ ጣሊያን ነው የሠራው ይባል?

የክብና የአራት ማዕዘኑ ነገር ብዙ አያቆየንም። ክብ ቤተ ክርስቲያን የኛ ነው፣ ልክ፣ ጅማም ዙሪያዋን ሞልቷል። ግን አራት ማዕዘኑም የኛ ነው፣ ያውም የቆየው እሱ ነው። ደብረ ዳሞ አራት ማዕዘን ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ አራት ማዕዘን ነው። ላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ረጅም አራት ማዕዘን ነው። ቅስትም አዲስ አይደለም፣ አክሱም ላይ ከተቃጠለ ጡብ የተሠሩ የፈረስ ኮቴ የሚመስሉ ቅስቶች ያሉበት መቃብር ተቆፍሮ ወጥቷል። ከሁሉ የሚያስቀው ደሞ፣ ካቶሊኮቹን ያባረሩት አፄ ፋሲል ራሳቸው በ1655 አክሱም ጽዮንን ሲያሠሩ ያሠሯት አራት ማዕዘን አድርገው ነው። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን ፋሲል ድብቅ ካቶሊክ ሊሆኑ ነው።

አሁን ስሱ ወደሆነው እንምጣ፣ ማን አፈረሳት። እዚህ ጋ ሁለቱም ወገን ይናደድብኛል፣ ይናደድ። ፋሲል ካቶሊኮችን አሳደዋል፣ ይሄ አይካድም፣ በ1638 ካፑቺን ከሚባለው ሌላ የካቶሊክ ማኅበር የመጡ ሁለት ቄሶች ገና ከመግባታቸው ጎንደር ላይ ተሰቅለዋል። ግን ነገሩ ከሰማይ የወረደ ጥላቻ አልነበረም። ሜንዴዝ በ1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡን ለሮማ ካስማለ በኋላ ሕዝቡን እንደ አዲስ አጥምቁ፣ ቅዳሜን ሻሩ፣ ግዝረትን ተዉ አለ፣ ፓኤዝ በትዕግሥትና በጨዋታ የያዘውን ነገር በአዋጅ አደረገው፣ ላስታ ሸፈተ፣ አባት ከልጅ ተዋጋ። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ 8,000 ገደማ ሰው አለቀ ይባላል። ሱስንዮስ አሸንፈው ነው የተሰበሩት፣ በዛው ወር ሁሉም በየሃይማኖቱ ይደር ብለው አወጁ፣ ዓመቱ ሳይገባደድ ሞቱ። ጽሑፉ ይሄን ሁሉ «የፋሲል ንዴት» በምትባል አንዲት ቃል ነው የዘለለው።

ደሞ ፋሲል በእርግጥ የካቶሊክ ድንጋይ ሁሉ ይፍረስ የሚሉ ሰው ቢሆኑ የመጀመሪያው ተረኛ አዘዞ ነበር። አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ከነአትክልቱና ከነኩሬው የሱስንዮስ ዋና ቦታ ነው፣ ሱስንዮስ ራሳቸው የተቀበሩት እዛ ነው። ፋሲል ምን አደረጉት? ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሰጡት። የእጨጌው መቀመጫ ሆነ። ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያም ላይም ጀስዊቶቹ በእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ላይ ያሠሩት ግድግዳ ከነቅርጻቅርጹ ዛሬ ድረስ አለ፣ ግቢው ውስጥ ቅዳሴ አልተቋረጠም።

ማርያም ግንብ ደሞ በአንድ ቀን አልፈረሰችም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው ያውቃል፣ ዛሬ የሌለ ብዙ ክፍል ያኔ ቆሞ ነበር። ያንን ፋሲል አፈረሱት ልንል ነው? ከሞቱ እኮ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ያፈረሳት ውሃ ነው። ጣሪያ ላይ አንድ ድንጋይ ይላቀቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ወፍ የዋርካ ፍሬ ይጥላል፣ ሥሩ ስንጥቁን ይከተላል፣ በቃ ከዛ በኋላ የጊዜ ጉዳይ ነው። እኔ ስደርስ ጠባቂ የለ አጥር የለ፣ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ብቻ ነበር፣ ፍየሎቹ መሠዊያው በነበረበት በኩል ጥላ ይዘው ተኝተዋል። ልጁን «ማን ነው ያፈረሳት?» አልኩት። ቀና ብሎ አይቶኝ «እየወደቀች ነው እንጂ ማንም አላፈረሳትም» አለኝ። ልክ ነው፣ ቆመን እያለን ራሱ ከላይ ትንሽ ነገር ኮሽ ብሎ ወርዷል፣ ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸት አልን፣ ፍየሎቹ ንቅንቅ አላሉም።

ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ደንቀዝን፣ አዘዞን፣ አዲሱን ጎርጎራን ሲያጠኑ ቆይተዋል፣ ትግራይ ዓድዋ አጠገብ ያለችውን ፍሬሞናንም ጭምር፣ ጀስዊቶቹ በ1557 ከገቡ በኋላ የመጀመሪያ መቀመጫቸው ያደረጓትን። ስሟን ከየት እንዳመጡት ታውቃላችሁ? ከፍሬምናጦስ፣ ከኛው ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ጸሐፊው «ከኛ ጋር ምንም የማይገናኝ» ያሉት ሚሲዮን ማለት ነው።

የቀረችው የኛዋ ናት፣ ጅማ። «ካቶሊክ በ1936 ከፋሺስት ጋር ገባ።» ይሄን ጎርጎራን አይቶ የማያውቅ የሊሙ ሽማግሌ እንኳ ያርመዋል። በ1613፣ ማርያም ግንብ ከመጀመሯ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የሚባል ጀስዊት ከሱስንዮስ መልእክተኛ ከፍቁረ እግዚእ ጋር ሆኖ በእናርያ በኩል አልፏል፣ እናርያ ማለት ዛሬ ሊሙ የምንለው አካባቢ ነው። ጊቤን ተሻግረው፣ የም የሚባለውን አገር አልፈው፣ ከምባታን አልፈው ማሊንዲ ደርሰን በባሕር ወደ ህንድ እንሄዳለን ብለው ነበር፣ አላባ ላይ ተይዘው ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያን አልሠሩም፣ መንገደኞች ናቸው፣ ይሄን ከሚገባው በላይ አልጎትተውም።

አባ ማስያስ ግን መንገደኛ አልነበሩም። ሮማ በ1846 ለኦሮሞ አገር ብላ የሾመቻቸው ጣሊያናዊ ካፑቺን ናቸው፣ ስንት በር ተዘግቶባቸው በ1852 ጉዱሩ ደረሱ፣ ከዛ ጣቢያቸውን እስከ እናርያና ከፋ ዘረጉ፣ በ1861 ከከፋ ተባረሩ። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በስብከታቸው ሳይሆን ፈንጣጣ በመከተባቸው ነው፣ አባ ፈንጣጣ ነበር የሚሏቸው። ቤተ ክርስቲያናቸውም የሳር ጎጆ ነበር፣ አበባ የተቀረጸበት ጣሪያ ምናምን የለም። ከሳቸው ጋር የነበሩት የሳቮያው አባ ሊዮን ዴ ዛቫንሼ በ1879 የሞቱት ጌራ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ከጅማ በአንድ ቀን ደርሰህ የምትመለስበት ቦታ። ሙሶሎኒ ያኔ አልተወለደም! ከዛም በ1913 ደቡብ ከፋ ኮንሶላታ ለሚባሉት የጣሊያን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ተሰጠ፣ ባርላሲና የሚባሉት መሪያቸው በ1916 ነጋዴ መስለው ነው የገቡት፣ በታንክ የሚመጣ ሰው ነጋዴ መምሰል ምን ያስፈልገዋል።

ይሁንና በወረራው ዓመታት የጣሊያን ሚሲዮኖች ከመንግሥታቸው ጋር ተጠግተው እንደተስፋፉ፣ የሌላ አገር ሚሲዮናውያን ደሞ እየተባረሩ ቦታው ለነሱ እንደተለቀቀ እውነት ነው። ጅማ የጋላና ሲዳሞ ግዛት ብለው የሰየሙት አስተዳደር ዋና ከተማ ስለነበረች ነገሩ እዚህ ጎልቶ ይታያል። ጸሐፊው ይሄን ብቻ ቢሉ ኖሮ እጄን አወጣ ነበር። እሳቸው ግን አምስቱን ዓመት አንስተው ከፊቱ ያለውን ሰማንያ ዓመት ሰረዙት።

ባልደረባዬ ይሄን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ «ታዲያ የማን ናት በላ?» አለኝ። የሱስንዮስ ናት አልኩት፣ መሬቱም ወጪውም ፈቃዱም ከሳቸው ነው፣ እሳቸው ደሞ በልጅነታቸው ተማርከው ኦሮሞ መሀል ያደጉ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ንጉሥ ናቸው፣ እሱን የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ባልደረባዬ ጂሬን አጠገብ ያደገ ሰው ነው፣ ይሄን ሲሰማ ሂሳቡን ከፈለ።

ለጸሐፊው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ቢቀር ፎቶውን እንኳ ይቀይሩት። እኔ ጋ የማርያም ግንብ ሦስት አለኝ፣ እልክልዎታለሁ፣ አንዱ ላይ ጣቴ ግማሹን ሸፍኖታል፣ ሁለተኛው ላይ ፍየሎቹ አሉ፣ ሦስተኛው ግን ጥሩ ነው።